አሥራ አራት የገረጡ ፒኖች

አቶ ሳህሉ እኔን ፍለጋ የመጡ ቀን ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጬ ደብተር እየደረደርኩ ነበር። የምሠራው ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ በሚባለው ሰፈር ባለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው። ረጅም ሰው ናቸው፤ የሸሚዛቸው ኪስ ላይ የግሪስ እድፍ ነበር። ስልካቸውን አዙረው አሳዩኝ።

«ይህን የሚጽፈውን ሰው ታውቀዋለህ? እዚሁ ከተማ ነው ያለው አሉኝ።»

ስልኩ ላይ የነበረው የእኔ የቴሌግራም ገጽ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ማን?»

«እኔ ነኝ የምጽፈው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጢም ያለህ ሰው መስለኸኝ ነበር» አሉ።

የምጽፈው ስለሚገጣጠሙ የማሽን ሞዴሎች ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አጎቴ ዳዊት ለመስቀል ከደቡብ አፍሪካ ሲመጣ አንድ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። በውስጡ ሦስት መቶ የሚሆኑ የፕላስቲክ ቁራጮችና አንድ መመሪያ ነበሩ። ቁራጮቹ በትክክል ሲገጠሙ ትራክተር ይሆናሉ፤ መሪው ሲዞር የፊት ጎማው አብሮ ይዞራል፣ ከኋላ ያለው ማረሻም ይነሳል፣ ይወርዳል። የዚያን ዓመት መስቀል ሥጋ ልብላ አልብላ አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ሎደር፣ ግሬደር፣ ሮለርና ኮምባይነር ገጥሜያለሁ። አንዱን ስጨርስ አፈርሰዋለሁ፤ ቆጥሬ ወደ ካርቶኑ እመልሰውና ሸጬው ሌላ እገዛለሁ።

ከማፍረሴ በፊት ግን ያየሁትን እጽፋለሁ። መመሪያው የት ላይ ግልጽ እንዳልሆነ፣ ሰው የት ላይ እንደሚሳሳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞዴሉ እንደ እውነተኛው ማሽን ይሠራ እንደሆነ እጽፋለሁ። እውነተኛውን ለማየት መንገድ ዳር እቆማለሁ። ወደ ዶዮገና የሚወስደው መንገድ ሲጠገን ግሬደሩ ምላጩን እንዴት እንደሚያጋድል ግማሽ ቀን ቆሜ አይቻለሁ። ኅዳር ላይ ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነሮች ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ማጨጃው ይዞራል፣ ከዚያ ነው ማሽኑ የሚራመደው። የገጠምኩት ሞዴል ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ነበር የሚያደርገው። ይህንንም ጽፌዋለሁ። አራት መቶ የሚሆኑ አንባቢዎች አሉኝ፤ ከእነሱ መካከል ድምፄን የሰማ ማንም የለም።

አቶ ሳህሉ ከከተማው ዳር የከባድ ማሽን ኦፕሬተሮች ማሠልጠኛ እንዳላቸው ነገሩኝ።

«አንድ ሎደርና አንድ ኤክስካቫተር አለኝ» አሉ። «ኤክስካቫተሩ ከቆመ ዓመት ሊሞላው ነው። አርባ ሠልጣኝ በአንድ ሎደር ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል። ሲጠብቁ ምን የሚያደርጉ ይመስልሃል? ካርታ ይጫወታሉ።»

ደብተሮቹን ወደ ጎን ገፋሁ።

«አዲስ አበባ ያለ አስመጪ አንድ የኤክስካቫተር ሞዴል ለሙከራ ልኮልኛል። ጥሩ ከሆነ ስድስት እወስዳለሁ፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተራ የሚጠብቁት እሱን እየነካኩ ይማሩበታል። ቁራጭ ለቃቅሞ የመግጠም ትዕግሥት ግን እኔ የለኝም። አንተ ግጠመውና እንደምትጽፈው አድርገህ ጻፍልኝ። ማስተማሪያ ይሆናል ወይስ የልጅ መጫወቻ ነው? መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ እፈልጋለሁ።»

«እሺ።»

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ስምንተኛን ጨርሼ አቋረጥኩ።»

ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ሠልጣኝ አድርጌ ልቀበልህ አልችልም፤ አሥረኛ ክፍል ይጠየቃል። ነገር ግን ሞዴሎቹ ከተገዙ የሚገጥማቸው፣ የሚጠግናቸውና ለልጆቹ የሚያሳይ ረዳት ያስፈልገኛል። ለረዳት የክፍል ገደብ የለም። ረዳት የሆነ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ሎደሩ ላይ መውጣቱ አይቀርም።»

ከሄዱ በኋላ ደብተሮቹን እንደገና ደረደርኳቸው። መጀመሪያም በትክክል ተደርድረው ነበር። በሕይወቴ ማሽኖችን ያየሁት መንገድ ዳር ቆሜ፣ ከታች ወደ ላይ ነው። ከላይ ወደ ታች ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈለግሁ።

አቶ ሳህሉ ሱቁ ድረስ ያመጡልኝን የሞዴሉን ካርቶን ዓርብ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት ወሰድኩት። የምኖረው ከእናቴና ከእህቴ ከአቢጋኤል ጋር ነው። እናቴ እልፍነሽ የሺንሺቾ አካባቢ ሰው ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእህል መጋዘን ውስጥ ቦሎቄ ስትለቅም ኖራለች። ቀዩ ቦሎቄ ፊቷ ይፈስሳል፤ የገረጣውን፣ የነቀዘውን፣ የተሰነጠቀውን ጣቶቿ ወደ ጎን ያወጡታል፤ ዓይኗ ሌላ ቦታ እያየ እንኳ ጣቶቿ አይሳሳቱም። የለቀመችው ጆንያ አፉ ሲሰፋ ስሟ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይታሠርበታል። ከገዢ ዘንድ ቅሬታ ከመጣ ጆንያው ወደ ስሙ ባለቤት ይመለሳል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወደ እሷ የተመለሰው ሦስት ጆንያ ብቻ ነው፤ ሦስቱንም እስከ ዛሬ በዓመተ ምሕረታቸው ታስታውሳለች።

ካርቶኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። አሥራ ሁለት ከረጢቶች ነበሩ፤ ሁሉም ታሽገዋል፣ በላያቸውም ቁጥር አለ።

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ቁራጭ ነው» አልኩ። «ከሥራ መልስ ብቻ እየሠራሁ እስከ ዓርብ መድረሴን እንጃ።»

ይህን ባልናገር ይሻል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሱቅ ስመለስ ከግቢው ሳቅ ይሰማል። እናቴ፣ አቢጋኤል፣ ጎረቤታችን እትዬ ራሔልና ሌሎች ሁለት ሴቶች ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አምስት ሰፌዶች አሉ። በአንዱ ላይ ቢጫ፣ በአንዱ ላይ ግራጫ፣ በአንዱ ላይ ጥቁር ቁራጭ ተከምሯል። አሥራ ሁለቱም ከረጢቶች ባዶ ሆነው፣ በሥርዓት ተጣጥፈው በድንጋይ ተጭነዋል።

«አሞጽ፣ ጨረስንልህ እኮ» አሉኝ እትዬ ራሔል። «ደቦ የሚባለው እንዲህ ነው። አንተ ሳትጠራን መጣን።»

«ያለ ምሳ ደቦ ግን የለም» አለች አንደኛዋ።

«ለአንድ ኤክስካቫተር ይህ ሁሉ ጣጣ ነው? እውነተኛውን ብታመጡልን ኖሮ እስካሁን አጥበን አስጥተነው ነበር» አሉ እትዬ ራሔል፤ ሁሉም ሳቁ።

የዚህ ዓይነት ሞዴል ሲገጠም ከረጢቶቹ የሚከፈቱት በተራ ነው። አንደኛው አልቆ ነው ሁለተኛው የሚከፈተው። እንዲያ ካልሆነ ሰው ከሁለት ሺህ ቁራጭ መካከል አንዷን ሲፈልግ ይውላል። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እናቴ አየችኝ። የሥራ ልብሷን ለብሳ ነበር፤ መጋዘን የምትለብሰውን።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ጎመን በቆጮ አብረን በላን።

ሴቶቹ ሲሄዱ መመሪያውን የመጨረሻ ገጽ ላይ ከፈትኩ። እዚያ ላይ የእያንዳንዱ ቁራጭ ሥዕልና ብዛት ተዘርዝሯል። ከመግጠሜ በፊት ሁልጊዜ እቆጥራለሁ፤ አንባቢዎቼ የሚያምኑኝም በዚህ ነው። ሁሉም ሞላ፤ አንድ ዓይነት ብቻ ጎደለ። የአሸዋ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ፒኖች ናቸው፤ የቦሎቄ ፍሬ ያክላሉ። አሥራ አራት መሆን ነበረባቸው፤ አንድም የለም። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ካርቶኑን ገልብጬ አራገፍኩ። ምንጣፉን አነሳሁ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ግን አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ደቦ የሠሩልኝን ሰዎች የምከስስ መሰለኝ። ፋብሪካው አጉድሏል አልኩና ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

እንዲህ ዓይነት ፒን ሁለት ቁራጮችን የሚያያይዝ ነው። ጥቁሩ ወገቡ ላይ ጭረት አለው፤ ሲገባ ነክሶ ይይዛል። የገረጣው ልሙጥ ነው፤ ያያያዛቸው ቁራጮች እንደ በር ማጠፊያ እንዲንቀሳቀሱ ይፈቅዳል። ሁለቱ በመጠን ፍጹም አንድ ናቸው። ሌላ ስላልነበረኝ ከድሮ ስብስቤ አሥራ አራት ጥቁር ፒኖች አወጣሁና በልሙጦቹ ቦታ አስገባሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ገጠምኩ። ሞዴሉ የሚያምር ነበር። በሰንሰለቱ ይሄዳል፣ ወገቡ ላይ ሙሉ ዙር ይዞራል፣ ከሩቅ በሪሞት ይታዘዛል። ችግሩ ክንዱ ላይ ነው። ክንዱን አንሳ ሲሉት ትንሽ ይንቀጠቀጥና ይቆማል፤ ሞተሩ እንዳይቃጠል ውስጡ ያለው መከላከያ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። ኤክስካቫተር ክንዱን ካላነሳ ኤክስካቫተር አይደለም።

ሐሙስ ማታ ጽሑፌን ጨረስኩ። የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ከረጢቶቹ ታሽገው ነው የመጡት። ሦስት ጊዜ ስቆጥር ግን አሥራ አራት ልሙጥ ፒኖች ጎድለዋል። በእነሱ ምትክ ጥቁር ፒን ስጠቀም ክንዱ አልነሳ አለ። እኛ ባለንበት ከተማ የጎደለ ቁራጭ ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ ለማስተማሪያ እንዲገዛ አልመክርም።» ደጋግሜ አነበብኩት። ውሸት አልነበረበትም። ከረጢቶቹን ማን እንደከፈታቸው ግን አልጻፍኩም። አንድ ሞዴል የሚፈትሽ ሰው ቁራጮቹን እናቱና የሰፈር ሴቶች በሰፌድ ለቀሙለት ቢባል ማን ከልቡ ያነበዋል?

ዓርብ ሞዴሉንና ጽሑፉን ይዤ ማሠልጠኛው ሄድኩ። አቶ ሳህሉ ቆመው አነበቡት። ከዚያ ሪሞቱን ጫኑ። ሠልጣኞቹ ከበቡን።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ።

«ይሄማ ቁርጥ የእኛኑ ኤክስካቫተር ነው» አለ ይበልጣል የሚባለው ከሀደሮ የመጣ ሠልጣኝ። «ድምፁ ሳይቀር።»

ሳቁ። አቶ ሳህሉ አልሳቁም። ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ለአስመጪው ደወሉ።

«ጎዶሎ ዕቃ ነው የላክልኝ» አሉ። ሰውዬው ከዚያ በኩል ሲከራከር ይሰማል፤ ታሽጎ የመጣ ዕቃ ጎድሎ አያውቅም የሚል ይመስላል። «እኔ እንዲያው አላልኩህም፤ ልጁ ቆጥሯል። ሦስት ጊዜ ቆጥሯል። ሰው እንዲህ አይታለልም።»

ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። «ጥሩ ጽፈሃል፤ ሳልገዛ አዳንከኝ። በል አፍርሰህ፣ ቆጥረህ፣ በካርቶኑ መልስልኝ። ሰኞ በአውቶቡስ እልከዋለሁ። የሞዴሉ ነገር ቀረ እንግዲህ፤ ሌላ ጊዜ ካጋጠመ እጠራሃለሁ።»

ወደ ቤት ስሄድ አዝኜ ነበር፤ ግን ትንሽ ኩራትም ነበረኝ። እውነቱን ጽፌ ነው ዕድሌን ያጣሁት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጽሑፉንም በቴሌግራም ገጼ ላይ ለጠፍኩት።

በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሞዴሉን ለማፍረስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳለ አቢጋኤል ስልኳን ይዛ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠች። እናቴ አማርኛ ትሰማለች፤ ማንበብ ግን አልተማረችም። አቢጋኤል አዲስ ጽሑፍ ባወጣሁ ቁጥር ታነብላታለች፤ የሚከብደውን በከምባትኛ ትፈታላታለች። እኔ አልሰማ መስዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

አቢጋኤል እስከ መጨረሻው አነበበች።

«የጎደሉት ምን ዓይነት ናቸው?» አለች እናቴ።

«ትንንሽ ናቸው እማዬ፤ ልሙጥ» አለች አቢጋኤል። «ቀለማቸው ገርጣ ያለ። የቦሎቄ ፍሬ የሚያክሉ።»

እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የጨው ጣሳ ይዛ ነበር። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ቁጥራቸውን ለማወቅ መቁጠር አላስፈለገኝም።

«ከጥቁሩ መካከል ነው ያገኘኋቸው» አለች። «ጥቁር በጥቁር ሆኖ ሳለ መሐሉ ላይ የገረጡ አሉ። ፀሐይ ያገኛቸው መሰለኝ። የተበላሸውን ከደኅናው ጋር ቀላቅዬ ብሰጥህ ምን ለቀምኩ ይባላል? ለይቼ አስቀመጥኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

አቢጋኤል ስልኳን አጠፋች። እናቴ አንዱን ፒን አንሥታ በጣቶቿ መካከል አዞረችው፤ ልስላሴውን ያኔ ነው ያወቀችው።

«እዚያ ጽሑፍ ላይ እኛ አለንበት?» አለችኝ።

«የለንም» አለች አቢጋኤል በእኔ ፈንታ። «ታሽጎ መጣ ይላል፤ ከዚያ ቆጠርኩ ይላል። ደቦው የለም።»

«አፍሮብን ነው?»

ፒኖቹን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደርኳቸው። እናቴም ተመልሳ ተቀመጠች።

«መጋዘን ውስጥ» አለች፣ «ጆንያው ላይ ስም የሚታሠረው ለቃሚዋን ለማዋረድ አይደለም። ስም ከሌለው ጥፋቱ የሁሉም ሴት ይሆናል። አሁን ያ አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ሌባ ተብሎ ይሆናል። ስሙን አታውቀውም፤ ያንተን ስሕተት ግን እሱ ነው የተሸከመው።»

ያኔ አቶ ሳህሉ በስልክ ያሉት ትዝ አለኝ። ልጁ ቆጥሯል።

ጥቁሮቹን ፒኖች አንድ በአንድ አወጣሁ። የገረጡትን አስገባሁ። እናቴና አቢጋኤል ከሁለት በኩል ቆመው ያያሉ። ሪሞቱን ስጫን ክንዱ ድምፅ ሳያሰማ፣ ቀስ ብሎ፣ ከጠረጴዛው ተነሣ። እስከ ላይ ወጣ። መቆፈሪያ ባኬቱን አጠፈ፣ ዘረጋ። መንገድ ዳር ቆሜ የማየው ኤክስካቫተር ጠዋት ሞተሩ ሲሞቅ ክንዱን እንዲህ ነው የሚያፍታታው።

«ጎበዝ ነው» አለች እናቴ።

እሑድ ከቸርች መልስ ሌላ ጽሑፍ ጻፍኩ። ከመጀመሪያው ያጠረ ቢሆንም ብዙ ሰዓት ወሰደብኝ። ሰኞ ሱቁን አስፈቅጄ በጠዋት ማሠልጠኛው ሄድኩ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ሞዴሉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ወረቀቱን እሰጣቸዋለሁ፤ ሲያነቡ እኔ ውጭ እቆማለሁ። ተቆጥተው ቢያባርሩኝም በሰው ፊት አይሆንም።

አቶ ሳህሉ ግን ቢሮ አልነበሩም። ሎደሩ ሥር ተኝተው ነበር፤ እግራቸው ብቻ ይታያል። አርባው ሠልጣኝ በዙሪያው ቆሟል። ከሥሩ ሲወጡ እጃቸው እስከ ክርን ግሪስ ነው።

«አላፈረስከውም እንዴ?» አሉ ሞዴሉን አይተው። «አውቶቡሱ እኮ አራት ሰዓት ላይ ነው።»

ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው።

«እጄን እያየኸው ነው። አንተ አንብበው።»

«እዚህ?»

«የት ሊሆን ነው?»

ወረቀቱን ገለጥኩት። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበብኩ።

«አይሰማም» አለ ይበልጣል ከኋላ። «ሎደሩ ጠፍቷል እኮ፤ አንተም አትጥፋ።»

እንደ አዲስ ጀመርኩ። ቃላቱ የራሴ ስለሆኑ አልጠፉብኝም።

«ባለፈው ጽሑፌ ላይ ያስቀረሁት ነገር አለ። ከረጢቶቹ ታሽገው መምጣታቸው እውነት ነው። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ግን እናቴ፣ እህቴና ጎረቤቶቻችን ሊያግዙኝ ብለው በደቦ ከፈቷቸው፤ ቁራጮቹንም በሰፌድ በቀለም ለዩልኝ። እናቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቦሎቄ ለቅማለች። ከጥቁሮቹ መካከል አሥራ አራት የገረጡ ፒኖች ስታገኝ የተበላሹ መስለዋት ለይታ በጣሳ አስቀመጠቻቸው።»

እዚህ ላይ ሳቅ ተነሣ። ቀና አልኩ። የሚስቁት በክፋት አልነበረም፤ ከዶዮገና የመጣ አንድ ሠልጣኝ «የእኔም እናት ብትሆን ይህንኑ ነበር የምታደርገው» ሲል ሰማሁት። ቀጠልኩ።

«ፋብሪካውም ሆነ አስመጪው ምንም አላጎደሉም። እኔ ቤት ውስጥ ብጠይቅ ኖሮ በዚያው ቀን ይገኙ ነበር። አልጠየቅኩም። ደቦውን ያልጻፍኩትም አፍሬ ነው። ፒኖቹ ቦታቸው ሲገቡ ክንዱ ያለ ችግር ይነሣል። ከፍ ዝቅ ሲል ሦስቱ የክንዱ ፒስተኖች የትኛው የቱን እንደሚገፋ በዓይን ስለሚታይ ለማስተማሪያ ይሆናል። አንድ ምክር፦ ከረጢቶቹ በተራ ይከፈቱ፤ የገረጣ ቁራጭም አይጣል። የለቀመችው፣ እልፍነሽ። የገጠመውና የተሳሳተው፣ አሞጽ።»

አንብቤ ስጨርስ አቶ ሳህሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሞዴሉን ያያሉ። ይበልጣል መጥቶ ሪሞቱን ተቀበለኝ። የቁልፍ ዘለላ ከኪሱ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ባኬቱን አውርዶ ዘለላውን ሁለት ጊዜ ሳተው፤ በሦስተኛው አነሣው። ክንዱ ቁልፎቹን ይዞ ወገቡ ላይ ዞረና አቶ ሳህሉ ጫማ አጠገብ አራገፋቸው።

«እውነተኛው ላይ ይህን ለመሥራት ሦስት ወር ልጠብቅ ነበር» አለ።

አቶ ሳህሉ ስልካቸውን ደወሉ። «ስሕተቱ ከእኛ ነው» አሉ ለአስመጪው። «አዎ። ተገኝቷል። አይ፣ አሁን ስድስት አልልም፤ የተለያዩ ሁለት ሞዴሎች ላክልኝና እንየው። ባለፈው ለተናገርኩህ ይቅርታ።» ከእኛ ነው ሲሉ ወደ እኔ አላዩም።

ስልኩን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። «ልጁ ቆጥሯል ብዬ በአንተ ቃል ሰው ሰድቤያለሁ» አሉኝ።

«አውቃለሁ። ለእሱም እጽፍለታለሁ።»

«ጻፍለት።» ወደ ሎደሩ ሥር ሊመለሱ ጎንበስ ካሉ በኋላ ቆሙ። «ይህን ወረቀት ሳታመጣው ብትቀር ማንም አያውቅም ነበር።»

«እናቴ ታውቅ ነበር» አልኩ።

ሠልጣኞቹ ሳቁ፤ በዚህኛው እሳቸውም ሳቁ። «በል ሞዴሉን ወደ ክፍል አስገባው። ሱቁን ስትለቅ በሥርዓት ልቀቅ፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምረህ ና። ረዳት ብዬ እስክጠራህ ግን ጥቂት ወራት ልይህ።»

በቴሌግራም ገጼ ላይ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አላጠፋሁትም፤ እርማቱን ከላዩ አሠርኩበት። ከአንባቢዎቼ አሥራ አንዱ ጥለውኝ ሄዱ። አንዲት ሴት ከዱራሜ «እናትህ ለሌላ ሰውም ትለቅማለች?» ብላ ጻፈችልኝ።

ማሠልጠኛው ከገባሁ ሁለት ወር ሆኖኛል። ሎደሩ ላይ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። ከላይ ሲያዩት መንገድ ዳር የሚቆም ሰው በጣም ትንሽ ነው።

ባለፈው ዓርብ አቶ ሳህሉ ካዘዟቸው ሁለት ሞዴሎች የአንደኛው ካርቶን ደረሰ፤ ኮምባይነር ነው፣ ከኤክስካቫተሩ ይበልጣል። ወደ ቤት ይዤው ገባሁ። እናቴ የሥራ ልብሷን ለበሰች፣ እጇን ታጠበች፣ ሰፌዷን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ካርቶኑ አፍ ላይ ሁለት ስም የተጻፈበት ወረቀት አሠርኩ።

«የትኛው ነው የተበላሸው?» አለችኝ።

«የተበላሸ የለውም፤ ሁሉም ይፈለጋል።»

«የተበላሸ የሌለው ጆንያ በዕድሜዬ አላየሁም» አለችና ቁጥር አንድ የሚለውን ከረጢት ብቻ ከፈተች።